የእናት እጅ በሚዛን፦ ድፎ ዳቦን ጎንደር ላይ ለሽያጭ መጋገር

ለቤት የሚጋገር ዳቦ በእፍኝና በግምት ይሠራል፤ ቢበዛ ቤተሰቡ «ዛሬ ጨው በዛበት» ብሎ ይበላዋል። ገንዘብ የከፈለ ሰው ግን ባለፈው ወር የወሰደውን ያንኑ ዳቦ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገዛው ሌላ ምጣድ ሳይሆን ሚዛን ነው፤ እስከ 5 ኪሎ የሚችል የወጥ ቤት ሚዛን፣ ለእርሾና ለቅመም ደግሞ ከ1 ግራም በታች የሚለይ ትንሽ ሚዛን።

እናታችሁን ወይም አያታችሁን «ስንት ያደርጋሉ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ «እንደ ዱቄቱ ነው» ይሆናል፣ ደግሞም እውነታቸውን ነው። ይልቅ ዱቄቱን፣ የውኃውን ጆግ፣ የጨውንና የዘይቱን ዕቃ ሳይጀምሩ መዝኑ፤ አቡክተው እጃቸውን ሲታጠቡ እንደገና መዝኑ። ልዩነቱ ሊጡ ውስጥ የገባው ነው። ይህን በሦስት የተለያዩ ቀናት አድርጉና አማካዩን ያዙ። ብዙውን ጊዜ ጨውና ቅመሙ ብዙም አይለያይም፤ የሚዋዥቀው ውኃው ነው።

የራሳችሁ ስፍር እስኪወጣ ከዚህ መነሳት ይቻላል። ለ3 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፦ ውኃ 1 ሊትር ከ900 ሚሊ ሊትር፣ ጨው 55 ግራም፣ ስኳር 60 ግራም፣ ዘይት 100 ሚሊ ሊትር፣ ጥቁር አዝሙድ 15 ግራም፣ የተፈጨ ኮረሪማ 6 ግራም፣ ደረቅ እርሾ 9 ግራም። ሊጡ 5 ኪሎ ከ100 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ተጋግሮ ሲቀዘቅዝ ወደ 4 ኪሎ ተኩል ይወርዳል። ስንዴው ወፍጮ ቤት ከነፉርሽካው የተፈጨ ከሆነ ውኃው ከ2 ሊትር ያልፋል፤ ፉርሽካ ውኃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ ሊጡ መጀመሪያ ላይ ቢቀጥን ዱቄት ለመጨመር አትቸኩሉ፣ 20 ደቂቃ አሳርፉት።

ማታ ከዱቄቱ 600 ግራሙን በ600 ሚሊ ሊትር ውኃና በ1 ግራም እርሾ አቡክታችሁ ክደኑት። የጎንደር ሌሊት ቀዝቀዝ ስለሚል ከ10 እስከ 12 ሰዓት መቆየት ይችላል። ላዩ በአረፋ ተሞልቶ መሃሉ ዝቅ ማለት ሲጀምር ደርሷል። ጠዋት የቀረውን ዱቄት፣ ለብ ያለ ውኃ፣ 8 ግራም እርሾና ሌላውን ሁሉ ጨምራችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እሹት። ከተማዋ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀቱ እኩል ከሆነ ሊጥ ከቆላው ቶሎ ኩፍ ይላል። ኢንተርኔት ላይ የሚገኝ ስፍር ብትጠቀሙ እርሾውን በሩብ ቀንሱ። ጊዜውን ሰዓት ብቻ አይወስነው፦ በጣት ሲወጋ ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ልክ ነው፤ ወዲያው ከተመለሰ ገና ነው፤ እንደተወጋ ከቀረ አልፎበታል፣ ዳቦውም ይኮመጥጣል፣ መሃሉም ይሰረጉዳል።

የኮባ ቅጠሉ ለብቻው ሥራ ነው። በሁለቱም በኩል ታጥቦ፣ ወፍራሙ አከርካሪ በቢላ ተልጦ፣ እሳት ላይ ለአፍታ ወዲያ ወዲህ ይባላል። ቀለሙ ጠቆር ብሎ ሲያብረቀርቅ ተለሳልሷል ማለት ነው፤ ያልተለበለበ ቅጠል ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የወረደው ሊጥ ምጣዱ ላይ ያርና ዳቦው ሲገለበጥ ቆዳው ተገፎ ይቀራል። ቅጠሎቹን አራት ጣት ያህል እያደራረባችሁ አንጥፉ፤ ሊጡ ቅጠሉ ላይ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ኩፍ ይበል፤ ከዚያ ላዩን በቅጠል ሸፍናችሁ ክደኑ። በመካከለኛ እሳት 40 ደቂቃ ገደማ፣ ተገልብጦ ደግሞ 30 ደቂቃ ያህል። ሲገለበጥ ሁለት ሰው ይኑር፤ ሰፌድ ከላይ፣ ቅጠሉ ከታች፣ በአንድ ጊዜ። ክዳኑ ብረት ከሆነ ላቡ ተመልሶ ዳቦው ላይ እንዳይንጠባጠብ በየ15 ደቂቃው ጥረጉት።

መብሰሉን በመንኳኳት መለየት የለመደ ሰው በዚያው ይቀጥል። ሌላ ሰው ለሚቀጥር ግን መርፌ ያለው የምግብ ቴርሞሜትር ክርክር ያስቀራል። ጎንደር ላይ ውኃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ የዳቦው መሃል 91 ሲደርስ በስሏል። ሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ 96 ይላል፤ እዚያ እንዲደርስ መጠበቅ ዳቦውን ማድረቅ ብቻ ነው።

ብዙ ጀማሪ የሚከስረው የመጀመሪያዎቹ አምስት ትእዛዞች በአንድ ቀን ሲመጡ ነው። አምስቱንም ሊጥ አንድ ላይ ያቦካል፤ ምጣዱ ግን አንድ ነው። አንዱ ዳቦ ከነማንጠፉ 1 ሰዓት ከሩብ ከወሰደ አምስተኛው ሊጥ 5 ሰዓት ይጠብቃል፣ እስከዚያም ይኮመጥጣል። መፍትሔው ሊጡን በ1 ሰዓት ከሩብ ልዩነት እያከታተሉ ማቡካት ነው። ለእሑድ ጠዋት የሚፈለግ ዳቦ ቅዳሜ ተጋግሮ ያድራል፤ ቢያንስ ለ3 ሰዓት ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ከሥሩ አየር በሚያስገባ ነገር ላይ ይቀዝቅዝ። መብራት ከሄደ ሊጥ አይጠብቅም፤ የእንጨት ምጣዱ ተሟሽቶ፣ ማገዶው ደርቆ ዝግጁ ካልሆነ ትእዛዝ አትቀበሉ።

ትኩሱን በፌስታል ማሰር ሻጋታ ይጠራል። ከሻጋታም የከፋ አለ፦ በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት፣ በተጋገረ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ዳቦው የበሰበሰ ፍራፍሬ መሰል ሽታ ያመጣል፣ መሃሉ ሲቆረስም እንደ ድር ይሳባል። ይህ ከዱቄት ጋር የሚመጣ፣ እሳት የማይገድለው ባክቴሪያ ነው። እንዲህ ያለ ዳቦ ለማንም አይሰጥም። የቡሆ ዕቃውን፣ መደቡንና ቢላውን አጥባችሁ በአቼቶ ጥረጉ፤ ያንን የነካ የሊጥ እርሾም ይደፋ። ያደረ ዳቦ ፈርፍሮ ሊጥ ውስጥ መመለስ ደግሞ ጨርሶ አይሞከር።

ዋጋ ሲወጣ ዱቄትና ዘይት ብቻ የሚያሰላ ሰው በነፃ እየሠራ ነው። ኮባው፣ ማገዶው ወይም መብራቱ (አንድ ምጣድ በአንድ ሰዓት ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት-ሰዓት ይበላል)፣ ውኃው፣ ባጃጁ፣ የሁለት ሰው ጉልበት ይቆጠር። ከዚያ የሚበላሸው አለ። ከ20 ዳቦ አንዱ ቢበላሽና አንዱ ዳቦ 400 ብር ቢፈጅ፣ እውነተኛው ወጪ 400 ሳይሆን 421 ብር ነው፤ ትርፍ የሚታሰበው ከዚህ በላይ ነው። ዱቄት በወደደ ቁጥር ደግሞ ዳቦውን በዝምታ አታሳንሱ፤ ሰው የሚያዘው «የ3 ኪሎ» ብሎ ነውና ቶሎ ይነቃል። ዋጋውን ማስተካከል ይሻላል።

የትእዛዙን ጊዜ የሚነግራችሁ የቀን መቁጠሪያው ነው። አርባ አራት ታቦት ባለበት ከተማ ማኅበርና ዝክር አይቋረጥም፦ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም። ኅዳር 12 እና ታኅሣሥ 19 ከሌላው ወር ይበረታሉ፤ ዱቄቱን ከሳምንት በፊት ያዙ። ለቡሄ ሙልሙል፣ ለጥምቀት ከፋሲለደስ መዋኛ ለሚመለሰው ሕዝብ ደግሞ ከ100 እስከ 120 ግራም የሚመዝን ትንንሽ ዳቦ ይሸጣል፤ ቆሞ የሚበላ ሰው ድፎ አይገዛም። ቅቤ የሚገባበትን ካዘዟችሁ ዕቃውም ማንኪያውም ለብቻ ይሁን፤ በጾም የሚያዝ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው።

ዱቄት ይዞ መጥቶ «ጋግሩልኝ» የሚል ደንበኛም አለ። እምቢ አትበሉ፤ ግን ከዱቄቱ 200 ግራም አስቀድማችሁ በ125 ሚሊ ሊትር ውኃ አቡኩና 20 ደቂቃ ጠብቁ። ተስቦ ሳይሳሳ የሚበጠስ ከሆነ ዱቄቱ ደካማ ነውና ዳቦው እንደማይነሳ እዚያው ንገሩት። ቀብድ ግማሽ፣ በጥሬ ገንዘብ ወይም በቴሌብር፣ ደብተር ላይ ከስም፣ ከስልክና ከመረከቢያ ሰዓት ጋር ይጻፍ። ሰዓቱን «ጠዋት 1 ሰዓት» ወይም «ማታ 1 ሰዓት» ብላችሁ ለዩት።

ለጎረቤት መጋገር አልፎ ለሱቅና ለካፌ ማስረከብ ሲመጣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ክፍለ ከተማው ያለው የንግድ ጽሕፈት ቤት ከምን እንደሚጀመር ይነግራችኋል። ለምግብ ሥራ የጋጋሪዎቹ የጤና ምርመራና የቦታው ንጽሕና ይታያል፤ ስለዚህ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ግድግዳው የሚታጠብ፣ ጭሱ የሚወጣበት፣ መጸዳጃው ከመጋገሪያው የራቀ መሆኑን እዩ። ካፌዎች የሚከፍሉት ዘግይተው ነው፤ የአንድ ሳምንት ዱቄት በእጃችሁ ካልተረፈ ከአንድ ካፌ በላይ አትያዙ።