አደገኛ ኬሚካልን ከምርት ለማስወጣት ኩባንያዎች እንዴት አብረው ይሠራሉ?

ሻምፑ የሚያመርት ድርጅት ማቆያውን (እንዳይበላሽ የሚጨመረውን)፣ መዓዛውንና ቀለሙን ራሱ አይቀምምም፤ ከአቅራቢ ይገዛል። አቅራቢው ደግሞ ከሌላ አቅራቢ ይገዛል። አምራቹ ብቻውን ተነስቶ «ይህን ኬሚካል አውጡልኝ» ቢል፣ ብዙ ጊዜ «ለአንድ ደንበኛ ብለን የማምረቻ መስመር አንቀይርም» የሚል መልስ ያገኛል። ያው ጥያቄ ከብዙ ገዢዎች አንድ ላይ ሲመጣ ግን አቅራቢው ቁጭ ብሎ ያስባል።

ይህ የምኞት ነገር አይደለም፤ ተሞክሮ ሠርቷል። በ1980ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎች ሰርኪዩት ቦርድ የሚያጥቡት ሲኤፍሲ-113 በሚባል ማሟሚያ ነበር። ኬሚካሉ የኦዞንን ንጣፍ እንደሚጎዳ ታውቆ እንዲህ ያሉ ኬሚካሎችን የሚገድበው የሞንትሪያል ስምምነት በ1987 ተፈረመ። በ1989 ኤቲ ኤንድ ቲና ኖርዘርን ቴሌኮም ያሉባቸው ትልልቅ ኩባንያዎች ከአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ጋር ሆነው ማኅበር መሠረቱ። ያገኙትን መፍትሔ ለሌሎች ፋብሪካዎችም በነፃ አካፈሉ። በገበያ ላይ ተፎካካሪ የነበሩ ሰዎች ናቸው ይህን ያደረጉት። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፦ ተጠቃሚን ከጉዳት የሚያድን እውቀት የንግድ ምስጢር ሊሆን አይገባም። በጣዕም፣ በዋጋ፣ በውበት ተፎካከሩ፤ በመርዝ ጉዳይ ግን ተባበሩ።

ሥራው እንዲህ ይሄዳል።

1. አንድ ኬሚካል በአንድ ቦታ ምረጡ

«ፍታሌትን (ፕላስቲክ የሚያለሰልስ ኬሚካል) ከሁሉም ምርት እናስወጣ» ብሎ የተነሳ ቡድን ስብሰባ ላይ ይቀራል። «ዲኢኤችፒ የተባለውን ፍታሌት ከኤሌክትሪክ ሽቦ የፕላስቲክ ሽፋን እናስወጣ» ያለ ቡድን ግን ማንን መጥራት፣ ምን መፈተሽ እንዳለበት ያውቃል። ኬሚካሉን በንግድ ስሙ አትጥሩት። አንድ ኬሚካል ብዙ ስም ስላለው እያንዳንዱ ኬሚካል የተሰጠውን ዓለም አቀፍ መለያ፣ ማለትም የካስ ቁጥሩን፣ መዝግቡ።

2. ማን ይቀመጥ?

ምርቱን የሚሸጠው፣ የሚያመርተው፣ ጥሬ ዕቃውን የሚያቀርበው፣ የመርዛማነት ባለሙያ፣ እንዲሁም ከምርቱ ምንም የማያተርፍ ሰብሳቢ። ሰብሳቢው ዩኒቨርሲቲ ወይም ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ቢሆን ይመረጣል። የኬሚካል አቅራቢውን «ችግሩን ያመጣው እሱ ነው» ብላችሁ ውጭ አታስቀሩት፤ ተተኪውን በብዛት የሚያመርተው እሱ ነው።

3. ከወሬ በፊት ደንብ

ተፎካካሪዎች አንድ ክፍል ውስጥ ሲገቡ የውድድር ሕግ አብሮ ይገባል። ስለ መሸጫ ዋጋ፣ ስለ ምርት መጠን፣ ስለ ደንበኛ ክፍፍል ቃል አይነሳም፤ አጀንዳው አስቀድሞ ይጻፋል፣ በሕግ ባለሙያም ይታያል። ቀመሩን ለተፎካካሪ ማሳየት የማይፈልግ ኩባንያ ለገለልተኛ ላቦራቶሪ ብቻ ይስጥ። ናሙናዎቹ በኮድ ይፈተሹ፤ ሁሉም ውጤቱን ያያል፣ የማን እንደሆነ ግን አያውቅም። የጋራው ጥናት ውጤት የማን ንብረት እንደሚሆንም ገና ገንዘብ ሳይወጣ በጽሑፍ ይለይ።

4. ኬሚካሉ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው?

ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው፤ ሰፊ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውም ይኸው ነው። ሦስት ጥያቄዎች በተከታታይ ይጠየቁ። ኬሚካሉ እዚህ ምርት ውስጥ ምን ይሠራል? ምርቱ ያ ሥራ ያስፈልገዋል? ካስፈለገውስ ያለ ኬሚካል ሊሠራ ይችላል?

ወደ ሰርኪዩት ቦርዱ እንመለስ። በብየዳ ጊዜ ፍላክስ የሚባለው ነገር ቦርዱ ላይ ቅሪት ይተዋል፤ ሲኤፍሲ-113 የሚፈለገው ያን ቅሪት ለማጠብ ነበር። አንዳንድ ፋብሪካዎች ሌላ ማሟሚያ ከመፈለግ ይልቅ መታጠብ የማያስፈልገው ፍላክስ ተጠቀሙና እጥበቱን ራሱን አስቀሩት። በሻምፑም እንዲሁ ነው። ማቆያ የሚጨመረው ውሃ ባለበት ባክቴሪያና ሻጋታ ስለሚራባ ነው፤ በደረቅ ቅርጽ የተሠራ ሻምፑ ያን ያህል ማቆያ አይፈልግም። እነዚህን ጥያቄዎች ያልጠየቀ ቡድን ሁልጊዜ የሚፈልገው የድሮውን ኬሚካል የሚመስል ኬሚካል ነው፤ የሚመስል ደግሞ ብዙ ጊዜ በጉዳቱም ይመስላል።

በደረሰኝ ወረቀት ላይ የሆነውን ተመልከቱ። በሙቀት የሚታተም ወረቀት ጽሑፉ እንዲወጣ ቢስፌኖል ኤ ይቀባ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2020 ጀምሮ መጠኑን ከ0.02 በመቶ በታች እንዲሆን ሲወስን፣ ብዙ አምራቾች ወደ ቢስፌኖል ኤስ ዞሩ። ይህ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ እሱም የሆርሞን ሥርዓትን እንደሚያውክ ጥናቶች አሳይተዋል።

5. ተተኪውን በተመሳሳይ ጥብቅነት መርምሩ

ተተኪ ኬሚካል ንጹሕ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ገና ስላልተመረመረ ነው። «መረጃ አልተገኘም» የሚለው በምንም መንገድ «ጉዳት የለውም» ተብሎ እንዳይነበብ። ካንሰር፣ የመራቢያ ጤና፣ ሆርሞን፣ የቆዳ አለርጂ፣ የነርቭ ጉዳት፣ በውሃ ውስጥ ባሉ ፍጥረታት ላይ የሚያደርሰው፣ በተፈጥሮ ውስጥ ሳይፈርስ የሚቆይበት ጊዜ፦ ለእያንዳንዱ አንድ ረድፍ ይኑር፣ ባዶው ረድፍም ባዶ መሆኑ ይታይ። ግሪንስክሪን የተባለው ዘዴ ኬሚካሎችን ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ 1 መወገድ ያለበት ነው።

ይህን መዝለል ሰው ይጎዳል። ፓራቤን የተባሉት ማቆያዎች ስማቸው ሲጠፋ ብዙ የመዋቢያ አምራቾች ሜቲልአይሶቲያዞሊኖንን በስፋት ተጠቀሙ። የቆዳ ሐኪሞች ዘንድ የአለርጂ ሕመምተኞች በረከቱ፤ በ2013 የአሜሪካ የቆዳ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር የዓመቱ ዋና አለርጂ አምጪ ብሎ ሰየመው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2017 ቆዳ ላይ ተቀብተው ከሚቆዩ መዋቢያዎች ውስጥ አገደው። በካሊፎርኒያም ክሎሪን ያለባቸው የመኪና ፍሬን ማጽጃዎች ሲቀሩ ሄክሳን የተባለ ማሟሚያ ያለባቸው ተተኩ፤ መካኒኮች እጅና እግራቸው እየደነዘዘ የነርቭ ሕመምተኞች ሆኑ። የሠራተኛውን ትንፋሽ ያላሰበ ምርመራ ግማሽ ምርመራ ነው።

6. ፈተናውንም ወጪውንም ተካፈሉ

ተተኪው በላቦራቶሪ ብቻ ሳይሆን በእውነተኛ ማምረቻ መስመር ይሞከር። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2006 ጀምሮ እርሳስ የተባለውን ብረት ከአብዛኛው ኤሌክትሮኒክስ ሲያስወጣ፣ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጥ የነበረው ብየዳ በ217 ዲግሪ አካባቢ በሚቀልጥ የቆርቆሮ፣ የብርና የመዳብ ውህድ ተተካ። ያ ልዩነት ምድጃውንም ቦርዱንም ትንንሾቹን ክፍሎችም ነካ። ይህን ሁሉ እያንዳንዱ ኩባንያ ለየብቻው ቢሞክር ያንኑ ውድቀት ደጋግሞ በገዛ ገንዘቡ ይገዛል።

7. አንድ ዝርዝር ለአቅራቢው

አንድ የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ከደንበኞቹ ሁሉ የተለያየ የተከለከሉ ኬሚካሎች ዝርዝር ሲደርሰው የትኛውንም በደንብ አይከተልም። የአካባቢ ተሟጋቹ ድርጅት ግሪንፒስ በ2011 ዘመቻ ሲከፍት ስድስት የልብስና የጫማ ኩባንያዎች፣ አዲዳስ፣ ሲ ኤንድ ኤ፣ ኤች ኤንድ ኤም፣ ሊ-ኒንግ፣ ናይኪና ፑማ፣ አደገኛ ኬሚካሎችን ከማምረቻ ለማስወጣት ዜድዲኤችሲ የተባለውን ጥምረት መሠረቱ። በኋላም አንድ የጋራ ዝርዝር አወጡ። የዝርዝሩ ትልቁ ቁም ነገር ያለቀለት ልብስ ላይ የቀረውን ቅሪት ብቻ አለመከልከሉ ነው፤ ፋብሪካው ውስጥ ሆን ተብሎ መጠቀምንም ይከለክላል። ልብሱ ታጥቦ ንጹሕ ቢሆንም እጣቢው ወንዝ ውስጥ ይገባልና።

8. ከተቀየረ በኋላ

አሮጌው ክምችት ርካሽ ሆኖ ለሌላ ገበያ እንዳይሸጥ ቡድኑ ቀድሞ ይስማማ። ናሙና በየጊዜው ከገበያ እየተገዛ ይፈተሽ፤ የአቅራቢ ማረጋገጫ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። በተለይ ዳግም ጥቅም ላይ የዋለ ፕላስቲክን ተጠንቀቁ። ከአሮጌ ኤሌክትሮኒክስ የመጡ ብሮሚን ያለባቸው የእሳት መከላከያ ኬሚካሎች በጥቁር ፕላስቲክ የወጥ ቤት ዕቃዎችና በልጆች መጫወቻዎች ውስጥ ተገኝተዋል። ማንም ሆን ብሎ አልጨመራቸውም፤ ከጥሬ ዕቃው ጋር ገቡ። ስለዚህ ዳግም የተዘጋጀው ፕላስቲክ ወደ ማምረቻው ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ጭነት ይመርመር፤ የመመርመሪያው ወጪም ከመጀመሪያው በግዢ ውሉ ውስጥ ይካተት።