አገር ከመምረጣችሁ በፊት የልጁን ዕድሜ ቁጠሩ

ለልጆቹ ትምህርት ብሎ ውጭ ለመሄድ ያሰበ ሰው ሲደውልልኝ ቀድሞ የሚጠይቀኝ «የትኛው አገር ይሻላል?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ «ልጆቹ ስንት ዓመታቸው ነው?» እላለሁ። እኛ ወደ እንግሊዝ ስንሄድ ትንሿ ስድስት፣ ትልቁ አሥራ አራት ነበሩ። አገሩ አንድ ነው፣ አውሮፕላኑም አንድ ነው፤ ለእሷ የበጀው ጉዞ ግን እሱን ዋጋ አስከፍሎታል።

አገር ሁሉ የልጆችን መንገድ የሚለይበት የራሱ ዕድሜ አለው። በአብዛኞቹ የጀርመን ግዛቶች ከ4ኛ ክፍል በኋላ፣ 10 ዓመት አካባቢ ማለት ነው፣ ልጆች ወደ ዩኒቨርሲቲ በሚያደርሰው ጂምናዚየምና በሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ይደለደላሉ፤ በርሊንና ብራንደንቡርግ እስከ 6ኛ ክፍል ይጠብቃሉ። በኋላ መሻገር አይከለከልም፤ ቋንቋውን ገና ለሚለምድ ልጅ ግን ዳገት ነው። በእንግሊዝ ደግሞ ጂሲኤስኢ የሚባለው ፈተና አለ፤ አብዛኛው ልጅ በ16 ዓመቱ ይፈተነዋል፣ ዝግጅቱም ቢያንስ ሁለት ዓመት ይፈጃል። በብዙ አገሮች የሚሰጠው፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው የአይቢ ዲፕሎማም የሁለት ዓመት ትምህርት ነው። ልጃችሁ 14 ወይም 15 ከሆነ እንዲህ ያለው ኮርስ ሲጀመር እንዲደርስ አድርጉ፤ ካልሆነ ያለበትን ደረጃ ጨርሶ ለዩኒቨርሲቲ ይሂድ። እኛ በፌብሩዋሪ፣ ትምህርቱ እኩሌታው ላይ ሲደርስ፣ ልጁን ነቅለን አመጣነው። የቲኬቱ ዋጋ ረክሶ ስላገኘነው! ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ፒሳ በሚባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ፈተና የሚወጣውን የአገሮች ደረጃ እያያችሁ እንቅልፍ አትጡ። እ.ኤ.አ. በ2022ቱ ፈተና ሲንጋፖር አንደኛ ወጣች፤ የተፈተኑት ግን እዚያው የኖሩ የ15 ዓመት ልጆች ናቸው። ባለፈው ወር የገባ ልጅ ምን እንደሚገጥመው ሰንጠረዡ አይነግራችሁም።

የሚገጥመው ቋንቋ ነው። «ልጅ ቋንቋ ቶሎ ይይዛል» ሲሏችሁ የትኛውን ቋንቋ እንደሆነ ጠይቁ። ካናዳዊው ተመራማሪ ጂም ከሚንስ እንዳሳየው፣ የጨዋታው ቋንቋ በሁለት ዓመት ገደማ ይመጣል፤ የመማሪያው ቋንቋ ግን አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ለስድስት ዓመቷ ልጄ አምስት ዓመት ነበራት። ለወንድሟ የቀረው ዓመት ከምናምን ነው።

አንድ ቀን የታሪክ ፈተናውን ይዞ መጣ። አንዱ ጥያቄ «ዲስክራይብ»፣ ሌላው «ኤክስፕሌይን»፣ ሦስተኛው «ኢቫሉዌት» ይላል። ለሦስቱም መጽሐፉ ላይ ያለውን ገጽ በቃሉ አጥንቶ፣ አንድም ስህተት ሳይኖርበት፣ ሦስት ጊዜ ገልብጦታል። ለመጨረሻው ጥያቄ ከስምንት ሁለት አገኘ። የመጀመሪያው ምን እንደነበረ፣ ሁለተኛው ለምን እንደሆነ፣ ሦስተኛው አንተ መዝነህ ፍረድ ማለት እንደሆነ የነገረው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ገና ሳትነሱ የምትሄዱበትን አገር ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች ከነማረሚያቸው አውርዱ። የእንግሊዝ ፈተና አዘጋጆች አብዛኛውን በነፃ ድረ ገጻቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ልጁ ጥያቄውን ከመመለሱ በፊት ማረሚያውን ያንብብ። እኛ ይህን የጀመርነው ከስምንት ወር በኋላ ነው።

ወረቀት ላይ ብዙ አልቆይም፦ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የሁለት ሦስት ዓመት ውጤት ከነማኅተሙ። ሁለቱም አገሮች እ.ኤ.አ. የ1961ዱ የሄግ ስምምነት አባል ከሆኑ አፖስቲል የሚባለው ማረጋገጫ ይበቃል፤ ካልሆነ አብዛኛውን ጊዜ በኤምባሲ በኩል ይረጋገጣል። ከወላጅ አንዱ ብቻ ከልጁ ጋር ከሄደ የሌላው የፈቃድ ደብዳቤ በእጅ ይሁን።

ቀኑን ግን ደጋግማችሁ እዩት። ልጄ የተወለደችው ኦገስት 9 ነው። አስተርጓሚው ወርና ቀኑን አገላብጦ ስለጻፈው ሴፕቴምበር 8 ተብሎ ተነበበ። በእንግሊዝ የክፍል መቁረጫው የልደት ቀን ኦገስት 31 ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ እንደተወለደች ተቆጥራ ልጅቷ አንድ ክፍል ወደ ታች ወርዳ ገባች። ለማስተካከል ሦስት ወር ፈጀብን። ወሩን በቁጥር ሳይሆን በፊደል አስጽፉ።

ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን እወቁ። በእንግሊዝ የመንግሥት ትምህርት ቤት አመልካች ሲበዛበት ብዙ ጊዜ ቅርብ የሚኖረውን ያስቀድማል። ዓመቱ ሲጋመስ ለሚመጣ ደግሞ ቦታ ያለው ሌላ ሰው ያልፈለገው ጋ ነው፤ ልጄ ሁለት አውቶቡስ ይቀያይር ነበር።

የዩኒቨርሲቲ ክፍያም ከዕድሜ ጋር የተያያዘ ነው። በእንግሊዝ እንደ አገሬው ለመክፈል የመኖሪያ ፈቃዱ ዓይነት ይታያል፤ በአብዛኛው ደግሞ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ዓመት ኖሮ መገኘት ይጠይቃል። 16 ዓመት ከሞላው በኋላ ያመጣችሁትን ልጅ በ18ቱ የውጭ አገር ተማሪ ብለው ሊያስከፍሉት ይችላሉ።

የመጨረሻው ነገር፦ ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። በአሥረኛው ወር የትልቁ ልጄ መምህር ጠሩኝ፤ ባለቤቴ ሥራ ላይ ስለነበር ትንሿን ይዤ ሄድኩ። መምህሩ ወረቀት እያገላበጡ አምስት ደቂቃ ሙሉ ተናገሩ። ልጄ ወንድሟን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ «ጎበዝ ነው አሉ» ብላ ዘጋችው። ቤት ስገባ ወረቀቱን አየሁት፤ ከሰባት ትምህርት በአራቱ ወድቋል። በማግሥቱ ትምህርት ቤቱን አስተርጓሚ ጠየቅሁ፤ ለካ ሲጠየቁ ያመጣሉ።