ቪም ላይ ኮድ ስታነቡ መስኮቱን ክፈሉት

ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ ሆናችሁ ቪም በሚባለው የኮድ መጻፊያ (ኤዲተር) የሰው ኮድ ለምታነቡ፦ አንድ ፋንክሽን የት እንደተጻፈ ለማየት የያዛችሁትን ፋይል አትዝጉ። ኮንትሮልና ደብልዩን አንድ ላይ ተጫኑና ልቀቁ፤ ከዚያ ቪ ብትጫኑ ጎን ለጎን፣ ኤስ ብትጫኑ ላይና ታች ይከፈላል። ኮንትሮልን ሳትለቁ ኤስን መጫን ግን ብዙ ተርሚናል ላይ ስክሪኑን ያደርቀዋል። ተበላሸ ብላችሁ አትዝጉት፤ ኮንትሮል ኪው ያስለቅቀዋል።

ጎን ለጎን 80 ዓምድ ስፋት ያለው ኮድ ለማየት ቢያንስ 161 ዓምድ ያስፈልጋል። በትንሽ ላፕቶፕ መስመሮቹ ስለሚታጠፉ ላይና ታች ይሻላል።

ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ ጋ ነው፦ ጠቋሚውን ፋንክሽኑ ስም ላይ አድርጉና ከኮንትሮል ደብልዩ በኋላ የሚዘጋውን ማዕዘን ቅንፍ (]) ተጫኑ። ፋንክሽኑ የተጻፈበት ቦታ በአዲስ መስኮት ይከፈታል፤ የጠራው መስመርም ከዓይናችሁ አይጠፋም። ለዚህ አስቀድሞ በፕሮጀክቱ ዋና ፎልደር ውስጥ ሲታግስን፣ ማለትም እያንዳንዱ ፋንክሽን የት እንደተጻፈ የሚመዘግበውን ፕሮግራም፣ በትልቁ አር አማራጭ (ctags -R) ማስኬድ ያስፈልጋል። አዲስ ፋንክሽን ስትጨምሩ ድገሙት፤ አለዚያ ቪም አያገኘውም።

ከመስኮት መስኮት ለመዞር ከኮንትሮል ደብልዩ ቀጥሎ ኤች ግራ፣ ጄ ታች፣ ኬ ላይ፣ ኤል ቀኝ ይወስዳል። ሲ ያላችሁበትን መስኮት ይዘጋል፤ ኦ ሌሎቹን ዘግቶ እሱን ብቻ ያስቀራል።

ትእዛዙ ሁሉ እምቢ ካለ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳልቀረ እዩ። በአማርኛ ኮሜንት ለምንጽፍ ሰዎች ይህ በጣም ያጋጥማል።