ዊንዶውስ 11 ከመጫናችሁ በፊት ፕሪንተሩንና የአማርኛ ፎንቱን አስቡ

«ትናንት ሲሠራ ነበር እኮ!»

ባሕር ዳር፣ ፔዳ ካምፓስ አካባቢ ባለችው የኮምፒውተር ጥገና ሱቄ ይህን የማልሰማበት ሳምንት የለም። እውነታቸውን ነው፣ ትናንት ይሠራ ነበር። ማታ ዊንዶውሱ ተቀየረ፣ ጠዋት ፕሪንተሩ ዝም አለ። ወይም የአማርኛው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ፊደልና በምልክት ተሞልቶ ተገኘ። ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። አዲሱ ዊንዶውስና የቆየው ዕቃ አልተግባቡም፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ሰዉ አሁን ወደ 11 የሚሯሯጠው ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ስላቆመ ነው። ድጋፍ ቆመ ማለት ኮምፒውተሩ ይቆማል ማለት አይደለም። የደኅንነት ማሻሻያ አይመጣለትም ማለት ነው። ስለዚህ ከነገ ወዲያ ፈተና ወይም የሪፖርት ማስረከቢያ ያለበት ሰው ዛሬ ማታ እንዲቀይር አልመክርም። ረጋ ብላችሁ ሥሩት።

መጀመሪያ ማሽኑ ይችላል ወይ?

የፕሮሰሰሩን ቁጥር እዩ። ኮር አይ 5 ብሎ 8250 ካለ ስምንተኛ ትውልድ ነው፣ ያልፋል። 6300 ካለ ስድስተኛ ነው፣ ማይክሮሶፍት አይቀበለውም። የኢንቴል ከስምንተኛ፣ የራይዘን ደግሞ ከ2000ዎቹ ጀምሮ ያለው በአብዛኛው ተፈቅዷል። ራም 4 ጊጋ ይበቃል የሚለው ወረቀት ላይ ነው። እኔ ከ8 ጊጋና ከኤስኤስዲ በታች ለሆነ ላፕቶፕ 11 አልጭንም፣ ባለቤቱ በማግስቱ «ቀሰስተኛ ሆነብኝ» ብሎ ይመጣላ!

ብዙዎች የሚወድቁት ግን ቲፒኤም በሚባለው የደኅንነት ቺፕ ላይ ነው። የዊንዶውስ ቁልፉንና አር ፊደሉን አብራችሁ ተጫኑ። ቲ ፒ ኤም፣ ነጥብ፣ ኤም ኤስ ሲ ብላችሁ ጻፉና ኢንተር በሉ። 2.0 የሚል ካያችሁ ጨርሳችኋል። «አልተገኘም» ካለ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። በኢንቴል ማሽን ፒቲቲ፣ በኤኤምዲ ደግሞ ኤፍቲፒኤም ይባላል። ፈልጋችሁ አብሩት።

ባዮስ ከመንካታችሁ በፊት ግን ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ መቆለፉን እዩ። ከተቆለፈ ለጊዜው አስቁሙት፣ ባለ 48 አሃዙን የመክፈቻ ቁጥርም ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ አውጥታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። አለበለዚያ ላፕቶፑ ሲነሳ ያንን ቁጥር ይጠይቃችኋል። ቁጥሩ ከሌለ ፋይሉም የለም፣ እኔም ልከፍተው አልችልም።

ሌላም አለ። ሲስተም ኢንፎርሜሽን ውስጥ ባዮስ ሞድ የሚለው ሌጋሲ (የድሮው አነሳስ) ካለ ባዮስ ገብታችሁ ዝም ብላችሁ 11 ወደሚፈልገው ወደ አዲሱ አነሳስ፣ ወደ ዩኢኤፍአይ፣ አትለውጡት፣ ማሽኑ አይነሳም። መጀመሪያ የዲስኩ አከፋፈል ከድሮው ኤምቢአር ወደ አዲሱ ጂፒቲ መቀየር አለበት። ለዚህ ዊንዶውስ የራሱ መሣሪያ አለው፣ ፋይል ሳይጠፋም ይሠራል። ቢሆንም ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ሳትገለብጡ አትጀምሩት።

ማሽኑ ካልቻለስ? ሩፈስ በሚባለው የመጫኛ ፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም ፍተሻውን አልፎ መጫን ይቻላል፣ ከተማው ውስጥ የማይሠራው የለም። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነ ማሽን አፕዴት እንደሚመጣ ዋስትና አይሰጥም። ለተማሪ ላፕቶፕ ከሆነ እሺ እላለሁ፣ ለቢሮ ኮምፒውተር አላደርገውም። ዊንዶውስ 10 ላይ ቆይቶ እስከ ኦክቶበር 2026 በሚዘልቀው የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ መመዝገብም ይቻላል፣ ሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ላይ ታገኙታላችሁ። በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ነጻው ሊኑክስ ሚንትም ለአሮጌ ማሽን ጥሩ ነው። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ለሚጠቀም ሰው ግን አይሆንም።

ፕሪንተር

ዊንዶውስ 11 የሚመጣው በ64 ቢት ብቻ ነው። ከድሮው ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 የምትመጡ ከሆነ ሁለት ነገር ይለወጥባችኋል። አንደኛ፣ በላዩ ላይ ማሳደግ አይቻልም፣ ፎርማት ነው፣ ዲስኩ ተጠርጎ እንደ አዲስ ይጫናል። ሁለተኛ፣ የድሮው ድራይቨር (ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) አንዱም አይሠራም። የ32 ቢት ፕሮግራም 64 ቢት ላይ ይሠራል፣ የ32 ቢት ድራይቨር ግን በፍጹም።

የጽሕፈት ቤቶቻችን ባለውለታ የሆነውን ኤችፒ ላዘር ጄት 1020ን ውሰዱ። ይህ ፕሪንተር መሥሪያ ሶፍትዌሩን በውስጡ አያስቀምጥም፣ በተበራ ቁጥር ከኮምፒውተሩ ይቀበላል። ስለዚህ ድራይቨሩ ከሌለ መብራቱ ይበራል፣ ወረቀት ግን አይስብም። ሰው ተበላሸ ብሎ በባጃጅ ጭኖ ያመጣዋል። ፍላሽ ላይ ያለኝን ድራይቨር ስጭንለት ያትማል። ለዊንዶውስ 7 የተሠራ ባለ 64 ቢት ድራይቨር ብዙ ጊዜ 11 ላይም ይሄዳል። የእርሱ ታላቅ ላዘር ጄት 1000 ግን ባለ 64 ቢት ድራይቨር አልተሠራለትም። እሱ ያላችሁ ሰዎች ወይ አሮጌውን ኮምፒውተር ለእሱ ተዉለት፣ ወይ ፕሪንተር ግዙ።

ለስካነርም ያው ነው። ዕቃው ላይ የተጻፈውን ሞዴል በስልክ ፎቶ አንሱ፣ የአምራቹ ገጽ ላይ 64 ቢት ድራይቨር መኖሩን እዩ፣ አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ይህ ሁሉ ዊንዶውሱን ከመንካት በፊት ነው።

የአማርኛ ፎንት

ይህኛውን የውጭ አገር መመሪያ አይነግራችሁም፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ከዘጌ የመጡ አንድ አባት ነበሩ። የደብራቸውን ታሪክ ለዓመታት ሲያስጽፉ የኖሩበትን ፋይል በፍላሽ ይዘው መጡ። ኮምፒውተራቸው ፎርማት ከተደረገ በኋላ ገጹ ሁሉ የእንግሊዝኛ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ሆኖባቸዋል። «ልጄ፣ ጠፍቶ ነው እንዴ?» አሉኝ። «አይ አባቴ፣ አለ» አልኳቸው። ነበርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በፈረንጆቹ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት፣ የአማርኛ ሶፍትዌሮች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ወስደው በላዩ የአማርኛ ቅርጽ ያስቀምጡ ነበር። ፋይሉ ውስጥ ያለው የእንግሊዝኛ ኮድ ነው፣ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ሲጠፋ ኮዱ ራቁቱን ይቀራል።

እንዲህ ሲገጥማችሁ ፋይሉን አታርሙ፣ ሴቭም አትበሉ። ዎርድ ውስጥ ከተዘበራረቀው ጽሑፍ መሀል ጠቅ አድርጉና ከላይ የፎንቱን ስም አንብቡ። ፎንቱ ባይኖርም ስሙ ይታያል። ያንን ፎንት ከአሮጌው ኮምፒውተር ወይም ያንኑ ሶፍትዌር ከሚጠቀም ጓደኛ አምጡና ጫኑት። ጽሑፉ ተመልሶ ይመጣል። በላዩ ላይ ስታሳድጉ የጫናችኋቸው ፎንቶች አብዛኛውን ጊዜ አብረው ያልፋሉ። የሚያጠፋቸው ፎርማት ነው። ስለዚህ ከፎርማት በፊት ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ፎንትስ የሚለውን ፎልደር ሙሉውን ገልብጡ።

ኒያላ የምትባለው የአማርኛ ፎንት ስትጠፋ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። ኒያላ ዩኒኮድ ናት፣ ጽሑፉ አይዘበራረቅም፣ መልኩ ግን ይቀየራል። የገጽ ቁጥር ይዛባል፣ ሠንጠረዥ ይሰፋል። ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ኒያላ እንደ ተጨማሪ አማራጭ ነው የተቀመጠችው። ሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ግቡና ኢትዮፒክ ሰፕልሜንታል ፎንትስ የሚለውን ጨምሩ። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሊያሳትሙ ለሚመጡ ተማሪዎች ይህንን ብቻ አድርጌ የምሸኛቸው ብዙ ናቸው።

አዲስ የምትጽፉትን ግን በዩኒኮድ ጻፉ። ፓወር ግዕዝ 2010 በዩኒኮድም ይጽፋል፣ ኪይማን የሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፣ ዊንዶውስም የራሱ የአማርኛ ኪይቦርድ አለው። የዊንዶውሱን አቀማመጥ እኔ አልወደውም፣ የለመደው ሰው ግን ይፈጥንበታል።

ፒችትሪ

ሐይቁ ዳር ያሉ የእንግዳ ማረፊያዎች ሒሳብ ሠራተኞች የሚፈሩት ይህንን ነው፣ ቢፈሩም አይፈረድባቸውም። አሮጌው ፒችትሪ ዳታውን የሚይዘው ፐርቫሲቭ በሚባል ሞተር ነው። አዲስ ዊንዶውስ ላይ ፕሮግራሙ ተጭኖም ሞተሩ ካልተነሳ አይከፈትም። ሰርቪስስ ውስጥ ገብታችሁ ፐርቫሲቭ የሚለው መሥራቱን እዩ። ካልሆነ የፕሮግራሙን ምልክት በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ ውስጥ ዊንዶውስ 7 የሚለውን ምረጡ፣ እንደ አድሚኒስትሬተርም አስነሱት። ዶት ኔት 3.5 ቢጠይቃችሁ ፍቀዱለት።

ከሁሉ በፊት ግን ከፒችትሪው ከራሱ ባክአፕ ውሰዱ፣ ፒ ቲ ቢ የሚል መጨረሻ ያለው ፋይል ይሰጣችኋል። ፎልደሩን መገልበጥ ብቻውን አይበቃም። የመጫኛ ሲዲውና ሲሪያል ቁጥሩ እጃችሁ ላይ ከሌለ ደግሞ ያንን ኮምፒውተር አትንኩት። ኢንተርኔቱን ነቅላችሁ ለሒሳብ ብቻ ይሥራ።

የሚጫንበት ቀን

የመጫኛው ፋይል ከ5 ጊጋ በላይ ነው። አንዴ በሌሊት ጥቅል አውርዳችሁ ለጓደኛም ስጡ። ፋይሉን ለማመላለስ የምትጠቀሙበት ፍላሽ በፋት 32 ፎርማት ከተደረገ ከ4 ጊጋ በላይ ፋይል አይቀበልም፣ ወደ ኤንቲኤፍኤስ ቀይሩት።

ጣና ላይ ደመና ሲጠቁር በክረምት ከሰዓት አትጀምሩ። መብራት መሀል ላይ ሲሄድ ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ መከራ ነው። ላፕቶፕ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ቻርጀሩም ይሰካ።

ከፎርማት በኋላ ዋይፋዩ ካልሠራ አትደናገጡ። ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ ድራይቨሩን ይፈልጋል። አንድሮይድ ስልካችሁን በኬብል ሰኩና ዩኤስቢ ቴዘሪንግ አብሩ። ዊንዶውስ ስልኩን ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ያውቀዋል። ቀጥሎ ዊንዶውስ አፕዴትን ልቀቁት፣ አብዛኛውን ራሱ ያመጣል።

ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ከቀረ በቀኝ ጠቅ አድርጉ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ዲቴይልስ፣ ሃርድዌር አይዲስ በሉ። ቬን ከሚለው ቀጥሎ 8086 ካለ ኢንቴል፣ 10ኢሲ ካለ ሪልቴክ፣ 14ኢ4 ካለ ብሮድኮም ነው። ላፕቶፑ ዴል ከሆነ ከሥሩ ያለውን ሰርቪስ ታግ አምራቹ ገጽ ላይ አስገቡ፣ የእርሱ ድራይቨሮች ብቻ ይወጡላችኋል። «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጠቅታ» የሚሉትን ፕሮግራሞች ግን እኔ ሱቄ አላስገባም፣ ማስታወቂያና የማያስፈልግ ነገር አብረው ይጭናሉ።

ድራይቨሩ ተጭኖም አልነሳ ካለ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ኮር አይሶሌሽን የሚለውን እዩ። ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚባለው ጥበቃ አሮጌ ድራይቨሮችን ያግዳል፣ ስማቸውንም ዘርዝሮ ያሳያል። ለአንድ አሮጌ ዕቃ ብላችሁ ጥበቃውን ከማጥፋታችሁ በፊት አዲስ ድራይቨር ፈልጉ።

በላዩ ላይ ካሳደጋችሁ ለመመለስ 10 ቀን አላችሁ። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ ጎ ባክ የሚለው ነው። አሮጌው ሲስተም ዊንዶውስ ኦልድ የሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ቦታ ያዘብኝ ብላችሁ እንዳታጠፉት። በእነዚያ ቀናት ሁሉንም ሞክሩ። አትሙ፣ ስካን አድርጉ፣ ፒችትሪን ክፈቱ፣ ፕሮጀክተር ሰኩ፣ የድሮ የአማርኛ ፋይል ክፈቱ። ቀኑ ካለፈ ፎልደሩ ራሱ ይጠፋል፣ ወደ ዊንዶውስ 10 መመለስ የሚቻለውም በፎርማት ብቻ ይሆናል።