ከሶማሌ ተራ የተገዛ ዲናሞ አልሞላም ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ታገደ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ኦሪጅናል መለዋወጫ አልቀመስ ብሏል። ያለንን ቪትዝና ኮሮላ ግን እየጠገንን መንዳት ግድ ነው። ስለዚህ ባለመኪናው በተክለ ሃይማኖት በኩል ወደ አዲስ አበባው ያገለገለ መለዋወጫ ገበያ፣ ወደ ሶማሌ ተራ ይወርዳል። ልክ ነው። ከሳጥን ከወጣ አዲስ ኮፒ ይልቅ ከተጋጨ መኪና ላይ የወረደ ኦሪጅናል የዴንሶ ዲናሞ (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ዕቃ) ዓይኔን ሳላሽ እመርጣለሁ። የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው፦ የተበላሸው ምን እንደሆነ ሳይለካ ዕቃ መግዛት፣ የተገዛውንም ሳይለኩ መግጠም።

ባትሪው ደህና መሆኑን፣ ተርሚናሉ መጥበቁን፣ ቺንጋው አለመላላቱን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ባጭሩ የሚያልቁት

ያገለገለ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻው) ጠቅ ብሎ ዝም ካለ አብዛኛውን ጊዜ የውስጥ መዳብ ኮንታክቶቹ ተበልተዋል። ኮንታክቶቹን ብቻ አስቀይሩ።

ያገለገለ የሞተር ኮምፒውተር ተገጥሞ ሞተሩ ተነስቶ ወዲያው ከጠፋ ከቁልፉ ቺፕ ጋር አልተዋወቀም። ቁልፉ አብሮ ካልተሸጠ አትግዙ።

ራዲያተር ላይ ስንጥቁ የሚገኘው ፕላስቲኩ ከአሉሚኒየሙ ጋር በሚገናኝበት ከንፈር ላይ ነው። ታጥቦ ከደረቀ አይታይም፤ በአየር ግፊት ይሞከር።

የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ጎማ ቱቦ፣ ቺንጋ፣ ኤርባግ፦ ያገለገለ አይገዛም። በቃ።

ስፖኪዮና ፍሬቻ ስትገዙ ሽቦውን እዩ። በሥርዓት የተፈታ ዕቃ ሶኬቱ አብሮት አለ። ሽቦው በጉጠት ከተቆረጠ ምናልባት ሌሊት ከቆመ መኪና ላይ የተነቀለ ነው። የተሰረቀ ዕቃ መግዛት በወንጀል ያስጠይቃል። ደግሞም ነገ የሚነቀለው የእናንተው ነው።

ዲናሞው ተቀየረ፣ ባትሪው ግን አይሞላም

ወደ ጋራዥ የሚመጣው ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ አንድ ላይ ቢደመር ይሄን አያህልም።

መጀመሪያ የባትሪ መብራቱን ለዩ። ሞተሩ እየሠራ መብራቱ በርቶ ከቆየ አንድ ነገር ነው፤ መብራቱ ጠፍቶ ባትሪው ጠዋት ጠዋት የሚደክም ከሆነ ፍጹም ሌላ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ «ዲናሞ ነው» የሚል መካኒክ ገንዘባችሁን ሊያስጨርሳችሁ ነው።

መብራቱ ጠፍቶ ባትሪው ካልሞላ ከዲናሞው በፊት ሽቦውን ጠርጥሩ። በቪትዝ የሜትር ታክሲ የሚሠራ አንድ ልጅ ዲናሞ በማዳበሪያ ጠቅልሎ መጣ። «ጋሼ፣ ይሄ ሦስተኛው ነው፤ ሦስቱንም ሞተው ነው የሸጡልኝ» አለኝ። ባትሪም ቀይሯል። ሞተሪኖው ጠዋት ያቃስታል ስለተባለ እሱንም ሊገዛ ነበር። ሞተሩን አስነስቼ መብራትና ማራገቢያ ከፈትኩ፤ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ዲናሞው አካል ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አደረግኩ። ዜሮ አካባቢ መሆን የነበረበት ከ1 ቮልት በላይ አሳየ። ቀደም ብሎ ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮ ወርዶ ነበር። ሲመለስ ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደው የኔጌቲቭ ሽቦ የታሰረው ቀለም በተቀባ ቆርቆሮ ላይ ነው፤ ብሎኑም በእጅ ነው የጠበቀው። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩት፣ ብሎኑን አጠበቅኩት። ሞተሪኖው ማቃሰቱን ተወ፣ ባትሪው ሞላ። ሦስቱም ዲናሞዎች ደህና ነበሩ። ሻጩ ደግሞ የሰጠው ደህና ዕቃ ስለሆነ አልመልስም ቢል ምን ይባላል?

ዲናሞውና ሞተሪኖው አንድ ላይ ደከሙ ማለት የሚጋሩት ኔጌቲቭ ሽቦ ነው። ይህን ያዙ።

የፖዘቲቩም እንዲሁ ይለካል፦ አንዱ ጫፍ በዲናሞው ጀርባ ወፍራሙ ሽቦ የታሰረበት ብሎን ላይ፣ ሌላው በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ። ከ0.3 ቮልት በታች ደህና ነው። ከ0.5 ካለፈ ገመዱ ውስጡ ዝጓል ወይም ዋናው ፊውዝ ብሎኑ ላልቷል። ገመዱ ይቀየር፤ ፕላስተር መጠቅለል መፍትሄ አይደለም።

መብራቱ በርቶ ከቀረ ደግሞ ወደ ሶኬቱ ሂዱ። ብዙዎቹ የቶዮታ ዲናሞዎች ሦስት ቀጫጭን ሽቦ አላቸው፦ አንዱ ከቁልፍ የሚመጣ፣ አንዱ የባትሪውን ቮልቴጅ የሚያነብ፣ አንዱ ወደ ዳሽቦርዱ መብራት የሚሄድ። የሚያነበው ሽቦ «አልት ኤስ» በሚባል ትንሽ ፊውዝ በኩል ያልፋል። ያ ፊውዝ ከተቃጠለ ዲናሞው አዲስ ቢሆንም መብራቱ አይጠፋም። የጥቂት ብር ፊውዝ ሳይታይ ዲናሞ የሚወርድበት ጊዜ ብዛቱ ያሳዝናል። ፊውዙ ደህና ከሆነ የሶኬቱን ሴቴ ጫፎች እዩ። አንዳንድ ኤሌክትሪሻን መርፌ ከፊት እየከተተ ሲሞክር ጫፉን ያሰፋዋል፤ ከዚያ ሲነዳ ይነካል፣ ጎርባጣ ላይ ይለቃል። መሞከር ያለበት ከኋላ በሽቦው በኩል ነው። የሰፋው በቀጭን መሣሪያ ይጠብባል።

አንድ ልማድ ይቁም

ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ተርሚናል ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» ማለት። ይሄን ዛሬም የሚያደርጉ ጋራዦች አሉ። በአሮጌዎቹ ባለ ካርቡራተር መኪኖች ያለፈ ሰው ልማዱን ይዞት ቀርቷል። ባትሪው ሲነቀል የዲናሞው ቮልቴጅ ለቅጽበት ተወርውሮ ይወጣል፤ ካታውቱን (የዲናሞውን ቮልቴጅ የሚገድበውን)፣ ዳዮዱን (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚለውጠውን)፣ ከዚያም የሞተሩን ኮምፒውተር ይዞ ይሄዳል። ዲናሞ ሊሞከር ገብቶ ኮምፒውተር ተቃጥሎበት በጭነት የወጣ ኮሮላ አይቻለሁ። መኪናችሁን ሲሠሩ አጠገቡ ቁሙ። የመካኒኩ እጅ ወደ ተርሚናሉ ሲሄድ ካያችሁ አስቁሙት። ትልቅ ሰው ቢሆንም አስቁሙት።

ለጥቂት ቀን ሠርቶ ተወ

እዚህ ላይ ጥፋቱ የዕቃው ነው። ሠፈር ውስጥ ተከፍቶ፣ ባገኙት ካርቦን (ለሚዞረው ክፍል፣ ለሮተሩ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው) ተሞልቶ፣ በስፕሬይ ብር ቀለም ተቀብቶ የተሸጠ ዲናሞ ነው። ምልክቶቹ ሱቁ በር ላይ ይታያሉ። ቀለሙ ሶኬቱ ላይና መለያ ወረቀቱ ላይ ጭምር ከተረጨ ተዉት። የጀርባ ብሎኖቹ ራስ በመፍቻ ከተላጠ ተከፍቷል። በአየር ቀዳዳው ውስጡን በስልክ መብራት እዩት፤ የመዳብ ጥቅሉ ወደ ጥቁር ከሄደና የተቃጠለ ቫርኒሽ ከሸተተ ተቃጥሏል። ደህና ያገለገለ ዲናሞ አቧራ የጠገበና ግራጫ ነው፣ ብሎኖቹም አልተነኩም። ያ አቧራ ዋስትናችሁ ነው፤ ሻጩ «ላጽዳልህ» ቢል እንኳ አታስነኩት።

ፑሌጃውን (ቺንጋው የሚጠመጠምበትን) በእጅ አዙሩ። ጉርርር ካለ ኩሽኔታው አልቋል። ክረምት ላይ ሸራ ሳይለብስ መሬት ላይ የሰነበተ ዕቃ ውስጥ ውሃ ይገባል፤ ኩሽኔታውን የሚበላው እሱ ነው። ኩሽኔታ ግን ይቀየራል፤ ዋጋ ለማስቀነስ ተጠቀሙበት እንጂ ለዚህ ብላችሁ ጥሩ ዲናሞ አትተዉ።

ገዝታችሁ ከሆነና ሲሞቅ መሙላት የሚያቆም ከሆነ ካርቦኑን አስወጡ። በአሮጌዎቹ ዴንሶዎች አዲስ ካርቦን ከማቀፊያው የሚወጣው 10.5 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ 1.5 ሲደርስ አበቃ። ካርቦን ስታስቀይሩ በጣም ጠንካራውንና ርካሹን አታስገቡ፤ የሮተሩን ቀለበት ይፈቀፍቀዋል፣ ያን ጊዜ ሮተሩም ሄደ። በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ስትለኩ 3 ኦም አካባቢ ካላገኛችሁ ሮተሩ ራሱ ሞቷል፤ አትድከሙበት።

ይሞላል፣ ግን አድሮ ይሞታል

በሥራ ላይ 13 ከምናምን ያሳያል፣ የባትሪ መብራቱ በጨለማ ብዥ ብሎ ይታያል፣ ሬዲዮው ነዳጅ በሰጣችሁ ቁጥር ያፏጫል። ከዳዮዶቹ አንዱ ሄዷል። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ ባትሪው ላይ ለኩ፤ ከ0.5 ካለፈ እሱ ነው። የተበላሸ ዳዮድ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ ያፈሳል። የዳዮድ ሰሌዳው ብቻውን ከሌላ የሞተ ዲናሞ ላይ ይገኛል፤ በደንብ የሚበይድ ሰው ፈልጉ።

ከ15 ቮልት በላይ ካሳየ ካታውቱ ነው። በዚያ ሁኔታ አትንዱት፤ አምፖል ይፈጃል፣ ባትሪ ያፈላል።

ስትገዙ

የድሮውን ፈታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በቃል «የቪትዝ» ማለት አይበቃም፤ እ.ኤ.አ. የ2000ው ቪትዝ እንኳ ባለ 1.0 እና ባለ 1.3 ሞተር አለው፣ ዲናሞውም አንድ አይደለም። የቶዮታ ዲናሞ ቁጥር በ27060 ይጀምራል፤ ቀጥሎ ያለውን አመሳስሉ። የፑሌጃውን ቦይ ቁጠሩ፣ የሶኬቱን ቅርጽ፣ የእግሮቹን ርቀት አስተያዩ። አንድ ቦይ ቢጎድል ቺንጋው እየበላ ይሄዳል። እግሩ ካልገጠመ «እናስፋው» የሚል አይጠፋም፤ እንቢ በሉ።

ሻጩ ዕቃው ላይ በቀለም ምልክት ያደርጋል፤ ሌላ የሞተ ዕቃ እንዳትመልሱለት ነው፣ መብቱ ነው። እናንተም ደረሰኙ ላይ ሦስት ነገር አስጽፉ፦ ስንት ቀን እንደሚመለስ፣ ገንዘብ ወይስ ልዋጭ እንደሆነ፣ ቁጥሩን። በደላላ በኩል ከገዛችሁ የሱቁን ባለቤት ፊት ለፊት አግኝታችሁ አስጽፉት፤ ደላላው ነገ እዚያ የለም።

ተገጥሞ ሲያበቃ በዚያው ቀን ለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 አካባቢ፣ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4፣ መብራት፣ መጥረጊያና ማራገቢያ ተከፍቶም ከ13.5 እንዳይወርድ። የመመለሻው ቀን ሳያልፍ አንዴ ድገሙት፣ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ።

የናፍጣ ሚኒባስ ላላችሁ

ይሄ ከባትሪም በላይ ነው። በቶዮታ 2ኤልና 3ኤል ሞተሮች ዲናሞው ጀርባ ላይ ቫኪዩም ፓምፕ አለ፤ የፍሬኑን አጋዥ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ያገለገለ ዲናሞ ከገጠማችሁ በኋላ ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ፓምፑ አልቋል። መኪናውን እዚያው አቁሙት። «ቻርጁ ጥሩ ነው» ብሎ ሰው ጭኖ የወጣ ሹፌር አጋጥሞኛል፤ ቁልቁለት ላይ ያ ፍሬን በሁለት እግርም አይያዝም።

ፓምፑ በሞተር ዘይት ነው የሚሠራው። ስለዚህ ስትገዙ በፓምፑና በዲናሞው መካከል ያለውን ቦታ በጨርቅ ጥረጉና እዩ። ዘይት ከወጣ ማኅተሙ አልቋል፤ ዘይቱ ወደ ካርቦኑ ገብቶ ዲናሞውን ይገድለዋል። የአሮጌውን ዲናሞ የዘይትና የአየር ቱቦዎች መልሳችሁ አትግጠሙ፤ አዲስ ዘይት የሚችል ቱቦ ከጥሩ ማጥበቂያ ጋር ግዙ። ሞተሩን አስነሱና ፍሬኑን ደጋግማችሁ ርገጡ፤ ከዚያ አጥፉትና አንዴ እርገጡ። መጀመሪያው ርግጫ ለስላሳ ካልሆነ ቫኪዩሙ አልያዘም፤ መኪናው ከግቢ አይውጣ።