ሞተር ይዘው ትራክ ሲገቡ፦ ምድብ አመራረጥና በደህና ደርቦ ማለፍ

የትራክ ቀን ውድድር አይደለም። ሞተረኞች እግረኛ፣ አይሱዙና የአህያ መንጋ በሌለበት በተከለለ አስፋልት ላይ ተራ በተራ እየገቡ የሚለማመዱበት ቀን ነው፤ አሸናፊ አይለይበትም። በእንጦጦ ቁልቁለት ወይም በሱሉልታ መንገድ ላይ ፈጽሞ ሊሞከር የማይገባው ፍጥነት ቦታው እዚህ ነው። በለገጣፎ፣ በሰበታ ወይም በሱሉልታ በኩል ሰፊ ግቢ ተከራይተው፣ በኮን መስመር አበጅተው የሚለማመዱ ይሁኑ፤ ወጪውን ችለው እስከ ደቡብ አፍሪካው ኪያላሚ ወይም እስከ ዱባይ አውቶድሮም የሚሄዱ ይሁኑ፣ ሁለት ውሳኔዎች ከሁሉ ይቀድማሉ፦ ከነማን ጋር እንደሚነዱና የት ላይ ደርበው እንደሚያልፉ።

ምድቦቹ በምን ይለያያሉ?

ብዙ አዘጋጆች ነጂዎችን ጀማሪ፣ መካከለኛና የላቀ ብለው በሦስት ይከፍላሉ። አንዱ ምድብ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ሲነዳ ሌሎቹ ያርፋሉ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለሁሉም ተራ ይደርሳል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ ፍጥነት ይመስላል። ዋናው ልዩነት ግን ደርቦ የማለፍ ሕጉ ነው።

በጀማሪ ምድብ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀደው በቀጥታ መንገድ ላይ ማለፍ ብቻ ነው፤ ፍሬን የሚያዝበት ቦታ ከተደረሰ በኋላ ክልክል ነው። በመካከለኛው ምድብ ኩርባ ውስጥም ቢሆን ሁለት ሜትር ያህል ክፍተት ትቶ በውጭ በኩል ማለፍ ይፈቀዳል። በላቀው ምድብ በውስጥም በውጭም ይታለፋል፣ ክፍተቱም ይጠባል። ሕጉ ከአዘጋጅ አዘጋጅ ስለሚለያይ የጠዋቱን ገለጻ ያልሰማ ሰው ትራክ ላይ መውጣት የለበትም።

ስለዚህ ምድብ ሲመርጡ “ምን ያህል ፈጣን ነኝ?” ብለው አይጀምሩ። “ሌላ ሞተር ሁለት ሜትር አጠገቤ ሲያልፍ መስመሬ ይቀየራል?” ብለው ይጠይቁ። መስመሩ የማይቀየር ዘገምተኛ ነጂ ለማንም አደጋ አይሆንም። ፈጣን ሆኖ ድንገት መሪውን የሚያዞር ወይም ኩርባ መሃል ጋዝ የሚለቅ ግን ከኋላው ያለውን ሁሉ ይጥላል።

ራስዎን የሚፈትኑባቸው ነገሮች

በሚለማመዱበት ግቢ አንድ ኩርባ ይምረጡ፤ መግቢያው፣ ውስጠኛ ጫፉና መውጫው ላይ ኮን ያስቀምጡ። አምስት ዙር በተከታታይ ሲነዱ ከውስጠኛው ኮን ያለዎት ርቀት ከግማሽ ሜትር በላይ የማይለዋወጥ ከሆነ መስመርዎ ጸንቷል። ጓደኛዎ በስልኩ ሰዓት ይያዝልዎት፤ አንድ ደቂቃ ገደማ በሚፈጅ ዙር ላይ በአምስቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። አንዴ 58 ሰከንድ፣ አንዴ 66 ሰከንድ የሚነዳ ሰው፣ ፈጣኑ ዙር ምንም ያህል ቢያኮራው፣ ገና ጀማሪ ምድብ ውስጥ ነው።

ሌላው ፈተና ዓይን ነው። ከዙር ሲወጡ የት የት ባንዲራ ያዥ (በትራኩ ዳር ቆሞ በባንዲራ ምልክት የሚሰጥ ሰው) እንደቆመና ምን እንዳሳየ መናገር ይችላሉ? ካልቻሉ አእምሮዎ በፍጥነቱ ብቻ ተይዟል ማለት ነው፤ ለሌላ ሰው የተረፈ ትኩረት የለዎትም። ይህ ፈተና ብዙ ልምድ አለኝ የሚሉትን ሁሉ ስለሚያጋልጥ እኛ ከሁሉ አስበልጠን የምናምነው እሱን ነው።

ጥርጣሬ ካለ ከዝቅተኛው ይጀምሩ። በጀማሪ ምድብ በየዙሩ አብዛኛውን ሰው ያለ ጭንቀት እያለፉ ከሆነ ለአዘጋጁ ይንገሩና ከፍ ይበሉ። በተቃራኒው፣ በገቡበት ምድብ ሁሉም የሚያልፍዎ ከሆነና ትከሻዎ ከተወጠረ፣ ዝቅ ለማለት መጠየቅ ነውር የለውም።

ሲሲ (የሞተሩ መጠን) እንዳያታልል

እንደ ዱክ 200 ወይም አር 15 ባለ ትንሽ ሞተር የሚነዳ ጎበዝ ሰውና በ600 ሲሲ የሚነዳ ጀማሪ በአንድ ምድብ ሲገናኙ ጭቅጭቅ አይጠፋም። ትልቁ ሞተር ቀጥታው ላይ ያልፋል፣ ኩርባው ውስጥ ደግሞ መንገድ ይዘጋል። ትንሹ ከኋላው ተጣብቆ ይናደዳል፤ ንዴቱም ያልተፈቀደ ቦታ ላይ እንዲገባ ይገፋፋዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለተኛ ጊዜ ቦታ ከተቀያየሩ በኋላ አንደኛው በፒት (ሞተሮች በሚቆሙበት ማረፊያ) መንገድ ገብቶ፣ መውጫውን የሚቆጣጠረውን ሰው ክፍት ቦታ ጠይቆ ይመለስ። ግቢ የተከራየ አዘጋጅ ደግሞ ጀማሪዎቹን ከ200 ሲሲ በታችና በላይ ብሎ ለሁለት ቢከፍል ብዙ ችግር ይቀንሳል።

ሞተሩና ልብሱ

ስፖኪዮ ይውለቅ ወይም በፕላስተር ይሸፈን፤ ከኋላ ያለውን ማየት ትራክ ላይ አይጠቅምም። የፊት መብራትና ፍሬቻ ቢሰበሩ ስብርባሪያቸው እንዳይበተን በፕላስተር ይለጠፉ። የዘይት ማፍሰሻው ቡለን መጥበቁን፣ የካቴናውን ውጥረትና የፍሬኑን ሸራ ውፍረት ይፈትሹ። ራዲያተር ያለው ሞተር በአንቲፍሪዝ ፋንታ ንጹሕ ውሃ ይሞላ፤ አንቲፍሪዝ አስፋልት ላይ ከፈሰሰ ያንሸራትታል፣ በቶሎም አይጠረግም። ከላይ እስከ ታች ቆዳ፣ የጀርባ መከላከያ፣ የእጅ አንጓ የሚሸፍን ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚያልፍ ቡትና ሙሉ ፊት የሚሸፍን ሄልሜት ግዴታ ነው።

የጎማ ንፋስ በቀዝቃዛው ይለካ። ሰፊ የስፖርት ጎማ ላላቸው ትልልቅ ሞተሮች ፊት 32፣ ኋላ 30 ፒኤስአይ ጥሩ መነሻ ነው። እንደ ቦክሰርና አፓቼ ያሉ ጠባብ ጎማ ያላቸው ግን ፋብሪካው የጻፈውን ይጠብቁ። አዲስ አበባ ላይ ተሞልቶ አዳማ የወረደ ጎማ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ እንኳ፣ ከከፍታው ልዩነት የተነሳ አንድ ፒኤስአይ ያህል ዝቅ ብሎ ስለሚነበብ እዚያው ደርሰው ይለኩ። በኅዳርና በታኅሣሥ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ አስፋልቱ ገና እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዙሮች ጎማውን ለማሞቅ ብቻ ይንዱ፣ በእነሱ ላይ ማንንም አይለፉ።

ከፍታው ደርቦ ማለፍን እንዴት ይቀይረዋል?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ከፍ ትላለች። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል፦ 25 የፈረስ ጉልበት የተጻፈበት ዱክ 200 እዚህ ወደ 19 ይወርዳል። ካርቡሬተር ያለው ከሆነ ነዳጁ ከአየሩ ስለሚበዛበት ይበልጥ ይደክማል። ፍሬኑ ግን አልደከመም።

በስሌት እንየው። ከፊትዎ ካለው ሞተር አራት ሜትር ርቀው ተነሥተው፣ አልፈው፣ አራት ሜትር ሲቀድሙ፣ የሁለቱን ሞተሮች ርዝመት ጨምሮ 12 ሜትር ያህል ማትረፍ ይኖርብዎታል። በ90 ኪሎ ሜትር እየነዱ የሚበልጡት በ10 ኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ ይህ ከአራት ሰከንድ በላይ ይወስዳል፤ እስከዚያ 108 ሜትር ይሄዳሉ። ከ90 ለመቆም በደረቅ፣ ንጹሕ አስፋልት 40 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህ ተከራይተው የሠሩት 150 ሜትር ቀጥታ መንገድ ሙሉ በሙሉ አለቀ። ልዩነቱ 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን ግን ማለፉ በ54 ሜትር ይጠናቀቃል። ይህን ልዩነት ደግሞ በደከመ ሞተር ቀጥታው ላይ ማግኘት አይቻልም፤ ከኩርባው ይዘውት መውጣት አለብዎት።

ደረጃ በደረጃ ደርቦ ማለፍ

1. ለአንድ ዙር ይከተሉት። ነጂው የት ፍሬን እንደሚይዝ፣ መስመሩ ጽኑ መሆኑንና የትኛው ኩርባ ላይ ቀስ ብሎ እንደሚወጣ ይዩ። ሲያጋድል የሚንቀጠቀጥ ወይም በየዙሩ ሌላ መስመር የሚይዝ ከሆነ ሰፋ ያለ ቦታ እስኪገኝ ይጠብቁ።

2. ከኩርባው በፊት ወደ ኋላ ይቅሩ። ጀማሪዎች ከሁሉ በላይ የሚስቱት ይህን ነው። ከፊተኛው ጎማ ላይ ተጣብቀው የሚገቡ ከሆነ ፍጥነትዎ የእሱ ፍጥነት ነው፤ እሱ ጋዝ እስኪሰጥ እርስዎም መስጠት አይችሉም። ከሁለት እስከ ሦስት ሞተር ርዝመት ይልቀቁ፣ ፍሬንዎን ትንሽ ቀደም ብለው ይያዙ።

3. ያጋደለውን ሞተር ቀድመው ቀና ያድርጉ፣ ቀድመው ጋዝ ይስጡ። ከውስጠኛው ጫፍ ጀምሮ ጋዙን ቀስ በቀስ ይክፈቱ። የተዉት ክፍተት መውጫው ላይ መዘጋት አለበት፤ ያኔ እሱ ገና እየጀመረ እርስዎ በፍጥነት ላይ ነዎት።

4. ጎን ለጎን ሲሆኑ ሁለት ሜትር ይተዉ። ዓይንዎ ከሰውዬው ላይ ይነሣ፣ ወደሚሄዱበት ባዶ አስፋልት ይሂድ። ሞተር ዓይን ወዳየበት ይሄዳል፤ የሚያልፉትን ሰው ካፈጠጡበት ወደ እሱ ይሳባሉ።

5. የፍሬን ቦታው ከመድረሱ በፊት ይጨርሱ። ወደዚያ ሲደርሱ ቢያንስ የእርስዎ የኋላ ጎማ ከእሱ የፊት ጎማ ፈጽሞ ካልቀደመ ጋዙን ይልቀቁ፣ ከኋላው ይመለሱ። ሌላ ዙር አለ።

6. ወደ መስመሩ ቀስ ብለው ይመለሱ። ልክ እንዳለፉ በፊቱ ከቆረጡ እሱ ፍሬን ይይዛል፤ የፊት ጎማው የእርስዎን የኋላ ጎማ ከነካ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

ደርቦ ለሚያልፈው ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ የራሱ ነው። “አላየኝም” የሚባል ምክንያት ትራክ ላይ የለም፤ የፊተኛው ወደ ኋላ እንዲያይ አይጠበቅበትም።

በብዛት የሚበላሸው ፍሬን ላይ ነው። አንድ ሰው ዘግይቶ ፍሬን በመያዝ ለማለፍ ውስጡን ይገባል፣ ፍጥነቱ ይበዛበታል፣ ኩርባው ይሰፋበታል፣ በዚያው ሌላውን ይዞት ይወጣል። ከ80 ኪሎ ሜትር ለመቆም በንጹሕ አስፋልት 31 ሜትር ገደማ የሚበቃው፣ አሸዋ ወይም አቧራ ባለበት ወደ 50 ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ ግቢውን ጠዋት በደንብ ያስጠርጉ፣ ከምሳ በኋላ ነፋሱ አቧራ ሲያመጣ እንደገና ያስጠርጉ። ሌላው ስህተት ፊት ያለው አንዱን ሲያልፍ ተከትሎ ሦስተኛ ሆኖ መግባት ነው፤ ሁለቱን እየጠበቁ ሦስተኛውን ማንም አያስበውም።

እርስዎ ሲታለፉ

ምንም አያድርጉ። የያዙትን መስመር ይቀጥሉ፣ ጋዝዎን እንደነበረ ይያዙ። ዞር ብለው አያዩ፣ “እለፍ” ብለው እጅ አያወዛውዙ፣ ለጨዋነት ብለውም ወደ ዳር አይውጡ። ከኋላ ያለው ያቀደው እርስዎ በሚሄዱበት መስመር ላይ ተመሥርቶ ነው፤ መስመሩን ሲቀይሩ ዕቅዱን ያፈርሱበታል።

ባንዲራዎቹ

ቢጫ ባንዲራ ከታየ ማለፍ ወዲያው ይቆማል፤ ከፊት የወደቀ ሰው ሊኖር ይችላል። ቀይ ከሆነ ዙሩ ተቋርጧል፦ እጅዎን ያንሡ፣ ፍጥነቱን ቀስ አድርገው ይቀንሱ፣ በድንገት ፍሬን ሳይይዙ ወደ ፒት ይግቡ። ቀይና ቢጫ ሽንትር ያለው ባንዲራ መንገዱ እንደሚያንሸራትት ይናገራል። ጥቁር ከነብርቱካናማ ክብ ከሆነ ሞተርዎ ዘይት ያፈሳል ወይም ሌላ ብልሽት አለበት፤ ከመስመሩ ወጥተው ይቁሙ። ነጭና ጥቁሩ የዳማው ባንዲራ መጨረሻው ነው። ወደ ፒት ለመግባት ከኩርባው ቀደም ብለው እጅ ያንሡ ወይም እግር ይዘርጉ፤ ሲገቡም ሲወጡም የተሰመረውን የፒት መስመር አይቁረጡ።

ግቢ ተከራይተው የሚያዘጋጁ ሰዎች አምቡላንስ ግቢው ውስጥ ቆሞ ካልሆነ በቀር ዙሩን አይጀምሩ። የቀይ መስቀል 907 በስልክዎ ላይ ይኑር፣ ግን ከከተማው ወጣ ያለ ቦታ ላይ ጥሪን ብቻ ተማምኖ መጀመር አይቻልም። የእሳት ማጥፊያም በየባንዲራ ያዡ አጠገብ ይቀመጥ።

ከሰዓት በኋላ ሰውነት ይደክማል። በዚህ ከፍታ ፀሐዩ ስለሚያደርቅ ተራዎን ጨርሰው ሲያርፉ ውሃ ይጠጡ። ፍሬን የሚይዙበት ነጥብ ሳያስቡት እየራቀ ሲሄድ ወይም የትናንሽ ስህተቶች ቁጥር ሲጨምር የቀረውን ዙር ይተዉት። ወደ ከተማ በሞተሩ የሚመለሱ ከሆነ ስፖኪዮውን መልሰው ይግጠሙ፣ የመብራቱንና የፍሬቻውን ፕላስተር ይላጡ፣ ጎማውን ወደ መንገድ ግፊቱ ሞልተው ይውጡ።