መቶኛው ወርዷል፣ አማካሪው ግን ጽሑፉን መልሶታል

ምልክት፦ ጽሑፉ ከሌሎች ጽሑፎች ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል የሚለካው የተመሳሳይነት ሪፖርት 8 በመቶ ያሳያል፤ የገጹ ዳርና ዳር ግን በአማካሪው ቀይ እስክሪብቶ «ምን ማለት ነው?» ተሞልቷል።

ለእርማት የሚመጡልኝ አብዛኞቹ የመመረቂያ ጽሑፎች ሕመማቸው ይኸው ነው። መቶኛውን ለማውረድ ተማሪዎች የሚጠቀሙበት ቃላት መቀያየሪያ ፕሮግራም የሙያ ስያሜን ከተራ ቃል አይለይም። በአንድ የጤና ጥናት ላይ «ኪድኒ ፌይለር» «ኪድኒ ዲስአፖይንትመንት» ሆኖ አገኘሁት፤ ኩላሊቱ ሥራ ማቆሙ ቀርቶ ቅር ተሰኝቷል! በ2021 እ.ኤ.አ. ካባናክ፣ ላቤና ማጋዚኖቭ የተባሉ ተመራማሪዎችም ታትመው በወጡ የምርምር ጽሑፎች ውስጥ «አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ» (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ወደ «ካውንተርፌት ኮንሸስነስ» (ሐሰተኛ ንቃተ ህሊና) ተለውጦ አግኝተው፣ እንዲህ ያሉትን «የተሠቃዩ ሐረጎች» ብለዋቸዋል።

የሚያስቀው ስህተት እንኳ ዓይን ይይዛል። እኔን የሚያስፈራኝ ትክክል የሚመስለው ነው። «ራንደም ሳምፕል» «አርቢትራሪ ሳምፕል» ሲሆን፣ 384 ሰው በዕጣ ለመምረጥ ወር ሙሉ የደከመ ተማሪ መንገድ ላይ ያገኘውን የጠየቀ ይመስላል። «ሲግኒፊካንት» «ኢምፖርታንት» ሲባል ደግሞ ስታቲስቲክሱ ይፈርሳል፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ ብቻ የመጣ አይመስልም ማለት ሌላ፣ ጠቃሚ ነው ማለት ሌላ።

መፍትሄ፦ የተበላሸውን አንቀጽ አትጠግኑት። በሌላ ፕሮግራም ደግማችሁ አታሳልፉት፤ እባካችሁ አታሳልፉት። ሦስት ጊዜ ያለፈ ገጽ ደርሶኝ ጸሐፊው ራሱ ሊፈታልኝ አልቻለም። ምንጩን አንብባችሁ ዝጉት፤ ለጓደኛ እንደምታስረዱ ሁለት መስመር በአማርኛ ጻፉ፤ ወደ እንግሊዝኛ የምትሄዱት ከዚያ ነው። ስያሜዎቹን እንዳሉ ተዉአቸው፤ ስያሜ መድገም ስርቆት አይደለም። ቁጥሮችንና አሉታዊ ቃላትን ከምንጩ ጋር አስተያዩ፤ አንዲት «ኖት» (አይደለም) ከጠፋች ግኝቱ ይገለበጣል። ምንጩ የጠፋባችሁን አንቀጽ አውጡት።

ምልክት፦ መቶኛው 3 ነው፣ ዋቢ ግን የለም። ቃሉ ተቀየረ እንጂ ሐሳቡ የሰው ነው። ጥቀሱ።

ምልክት፦ ራሳችሁ ጽፋችሁት መቶኛው ከፍ አለ። የዋቢ ዝርዝሩና ቀጥተኛ ጥቅሶቹ አብረው ተቆጥረው ይሆናል፤ ከቆጠራው አስወጧቸው።

ምልክት፦ «ብራውን» የተባለው ደራሲ ሌላ ቀለም ሆኗል። ብርቅ ነው፤ ስሙን ከምንጩ ቅዱ።

ምልክት፦ በእጃችሁ የጻፋችሁት በመሣሪያ የተቀየረ ተብሎ ተጠቆመ። የሚጠቁመው ፕሮግራም ይሳሳታል። ረቂቆቻችሁን ከነቀናቸው ለአማካሪው አሳዩ። አንዱን ፋይል በሌላው ላይ እየደረባችሁ የምታስቀምጡ ከሆነ ግን የምታሳዩት የላችሁም፤ ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ አዲስ ስም ስጡት።